ኮምቦልቻ ላይ በረራው ሲዘገይ ሞተሩ ጋ ምን እየተሠራ ነው?

[ምስል፦ ቴክኒሻን ፕሮፔለሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ሲያዞር]

ተራኪ፦ ከደሴ በጠዋት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ደርሳችኋል። ዳሽ 8-400 አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ጥሪ ግን የለም። ቴክኒሻኑ ፕሮፔለሩን በእጁ ሲያዞር የሚያይ ሰው "ተበላሸ!" ይላል። አይደለም። በዚህ ሞተር ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን (ጋዝ የሚገፋው ባለ ምላጭ ጎማ) ከኮምፕረሰሩ (አየሩን ከሚያምቀው ክፍል) ጋር በዘንግ አልተያያዘም፤ የሚያገናኛቸው ትኩስ ጋዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲጠፋ በእጅ ይዞራል፣ ነፋስም ያዞረዋል፤ ቆሞ ሲያድር በቀበቶ የሚታሰረውም ለዚህ ነው።

[ምስል፦ የፕሮፔለር ምላጭ ጫፍ፣ በቅርበት]

ስድስቱ ምላጮች ከተነባበረ ፋይበር የተሠሩ ናቸው። ጠጠር ወይም አሞራ ከመታቸው ቴክኒሻኑ በሳንቲም መሰል ብረት መታ መታ ያደርጋል። ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ንብርብሩ ውስጥ ለውስጥ ተላቋል፤ ያ ምላጭ አይበርም።

በእጅ ባትሪ የሞተሩን የአየር መግቢያ ሲያይ የሚፈልገው ላባና ደም ነው። ካገኘ፣ ቦሮስኮፕ የሚባለው ቀጭን ካሜራ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ የኮምፕረሰሩን ምላጮች ያሳያል። ጭረቱ ማኑዋሉ ከፈቀደው ካለፈ ሞተሩ ይወርዳል። ዘይቱ ውስጥ ያለችው ማግኔትም ትታያለች፦ እንደ ጸጉር የሳሳ ብናኝ የተለመደ ነው፤ ቅርፊት የመሰለ ብረት ግን ኩሽኔታ ወይም የማርሽ ጥርስ እየተበላ ነው ማለት ነው።

"ሁለት ሞተር አለው አይደል፣ በአንዱ ቦሌ ይግባ" የሚል አይጠፋም። በአየር ላይ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይበራል፤ በአንድ ሞተር ከመሬት መነሣት ግን ክልክል ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ፣ ዙሪያው ተራራ።

[ምስል፦ በክሬን የተንጠለጠለ ሞተር]

ሞተር እዚህ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ከ700 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነው፤ በመኪና ከመጣ ጣርማ በርን መሻገር አለበት። የአውሮፕላኑ ባትሪ ይነቀላል፣ ፕሮፔለሩ ይወርዳል፣ የነዳጅ፣ የዘይትና የኤሌክትሪክ መስመሮች ይፈታሉ፤ አቧራ እንዳይገባ አፋቸው ወዲያው ይከደናል። አዲሱ ሲገባ ብሎኑ በቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ በሚለካ ቁልፍ) በልክ ይጠብቃል፣ ሌላ ሰው ደግሞ እንደገና ያየዋል። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ይሞከራል። መጀመሪያ ላይ ነጭ ጭስ ብታዩ አትደንግጡ፤ በመጋዘን ሳለ ከዝገት የጠበቀው ዘይት ነው የሚቃጠለው። ሞተሩ ጠፍቶ ክዳኑ የሚከፈተው ፍሳሽ ለማየት ነው፤ አንዲት ጠብታ ሥራውን ወደ ኋላ ትመልሳለች።

ስለዚህ ሠራተኞቹን "መቼ እንሄዳለን?" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። "እየታየ ነው ወይስ ዕቃ እየተጠበቀ?" በሉ። እየታየ ከሆነ እዚያው ጠብቁ፤ ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ከሆነ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ማደሪያ ያዙ።