ማሲንቆ በብራውዘር፦ 16ቱን ወደ 12

ሰላም፣ እንደምን ዋላችሁ። ከፒያሳ የሚመጣ የባጃጅ ጥሩምባ ጣልቃ ከገባ አትቀየሙኝ፤ መስኮቱ ቢዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ብራውዘር ውስጥ በሞጁላር ሙዚቃ ስለ መሥራት ነው፤ በተለይ መሣሪያው ገና ሲከፈት ሳትጠይቁት ስለሚወስንላችሁ ነገር።

ሞጁላር ላልነካችሁት ባጭሩ፦ ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን ለብቻው ነው፣ የሚያጣራው ለብቻው፣ መጠኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ለብቻው። ገመድ ቀጣዮቹ እናንተ ናችሁ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሞግና ቡክላ የተባሉት መሣሪያ ፈጣሪዎች የሠሩት ቁም ሣጥን ያክል ነበር። ዛሬ ካርዲናል የሚባል ፕሮግራም፣ ቪሲቪ ራክ የተባለውን የኮምፒውተር ሞጁላር ሳጥኖች (ሞጁሎች) ይዞ ድረ ገጽ ላይ ይከፈታል፤ ኖይዝክራፍት የሚባለው ደግሞ ቀለል ስለሚል ለደከመ ላፕቶፕ ይሻላል። ሁለቱም በነፃ ናቸው። ስትከፍቱት ድምፅ ካልወጣ አትደናገጡ፤ ብራውዘር ገጹን በእጃችሁ እስክትነኩት ድምፅ አይለቅም። አንዴ ጠቅ አድርጉት።

አሁን ወደ ነገሬ። ሲኬንሰሩ፣ ማለትም ኖታዎችን በተራ በተራ የሚልከው ሳጥን፣ ስትከፍቱት 8 ወይም 16 እርምጃ ይዞ ይቀርባል። ማለትም ምቱን በአራት በአራት ከፍሎላችኋል። የእኛ እስክስታ ደግሞ በሦስት በሦስት ነው የሚከፈለው። ከበሮው ጥሩ፣ ዜማው ጥሩ፣ ግን ትከሻ የማይነቀንቅ ሙዚቃ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚች አንዲት ቁጥር ነው። 16ቱን 12 አድርጉት፤ 8 ከሆነ 6።

ይኼ ብቻ ግን አይበቃም፤ እርምጃዎቹን የሚያስኬደው ምት ሰጪ፣ ክሎኩም አለ። በደቂቃ 120 ምት ስትሉት ብዙ ክሎክ እያንዳንዱን ምት ለአራት ከፍሎ በሰከንድ 8 ጊዜ ይመታል። እናንተ የምትፈልጉት ምቱን ለሦስት መክፈል ነው፤ በሰከንድ 6 ጊዜ፣ 6 ሄርዝ። እያንዳንዱ እርምጃ 167 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ 12ቱ እርምጃ ልክ 2 ሰከንድ ይሆናል። ክሎኩ በሦስት ማባዣ ከሌለው 360 ብላችሁ ሙሉትና እያንዳንዱን ምት እንደ አንድ እርምጃ ቁጠሩት።

ለመነሻ ያህል የከበሮውን ወፍራም ወገን 1 እና 7 ላይ፣ ቀጭኑን 4 እና 10 ላይ አስቀምጡ። ጭብጨባውን ደግሞ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ላይ። ያኔ ሦስት በሁለት ላይ ይጋልባል፤ ትከሻ የሚጠራው ያ ግጭት ነው። ወፍራሙ ድምፅ ከ150 ሄርዝ ወደ 60 በ50 ሚሊሰከንድ የሚወርድ ሳይን ዌቭ (ለስላሳ ሞገድ) ሲሆን በሩብ ሰከንድ ይጠፋል። ለቀጭኑ 300 ሄርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ጫጫታ («ሽሽ» የሚል ድምፅ) ጨምሩና በ80 ሚሊሰከንድ ቁረጡት። ከዚህ በላይ አልዘገይበትም፤ ጆሯችሁ ያስተካክለዋል።

ሁለተኛው ሳይጠየቅ የሚመጣ ነገር ኖታን ወደ ቅርቡ ቁልፍ የሚጎትተው ኳንታይዘር ነው፤ የፒያኖን 12 ቁልፍ ይዞ ይቀርባል። ቅኝት ለመያዝ ከመነሻው ድምፅ በሴንት (በድምፅ ከፍታ ርቀት መለኪያ) ቁጠሩ። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው። ትዝታ፦ 0፣ 200፣ 400፣ 700፣ 900። አምባሰል፦ 0፣ 100፣ 500፣ 700፣ 800። አንቺሆዬ፦ 0፣ 100፣ 500፣ 600፣ 900። ባቲ፦ 0፣ 400፣ 500፣ 700፣ 1100። ካርዲናል ላይ አንድ ኦክታቭ አንድ ቮልት ስለሆነ ለ1200 እያካፈላችሁ ስጡት፤ የትዝታ 700 ማለት 0.583 ቮልት ነው። እግረ መንገዴን፣ አንዳንድ የስኬል ዝርዝር ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ስም ታያላችሁ። ሰባት ኖታ ከያዘ እለፉት፤ እነዚህ ቅኝቶች አምስት አምስት ናቸው።

እነዚህ ቁጥሮች የፒያኖ ቅርጽ እንደሆኑ አውቃለሁ። የትዝታዋ 400፣ ንጹሕ ሦስተኛ ድምፅ ሲሆን 386 ላይ ነው የሚያርፈው። የአንቺሆዬን 600 ደግሞ ዘፋኝ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አያስቀምጣትም። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ችካል ትከሉት፣ ከዚያ 10 ወይም 15 ሴንት ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ስሙት። ሴንት የሚቀበል መሣሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ፒያኖ ብትገዙ ይኼን አይሰጣችሁም።

እንግዲህ ማሲንቆውን እንሥራ። ድምፅ አመንጪው ሳጥን፣ ኦሲሌተሩ፣ ሶዝ (የመጋዝ ጥርስ ሞገድ) ይሁን፤ ጭራው በደጋኑ ሲጎተትና ሲያመልጥ የሚወጣው ሞገድ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። መነሻው 220 ሄርዝ። ከዚያ ወደ ሁለት ባንድፓስ ፊልተር (በአንድ ከፍታ ዙሪያ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ጎን ለጎን ላኩት፣ አንዱ 500፣ ሌላው 1100 ሄርዝ፣ ኪዩ (የማጣሪያው ጥበት) 5 አካባቢ፤ ቆዳ የለበሰውን ሳጥን የሚተኩት እነሱ ናቸው። በተከታታይ አትቀጥሏቸው፤ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይቆርጠውና ደካማ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ለደጋኑ ሽርሽርታ ነጭ ጫጫታ ጨምሩ፣ ከዋናው ድምፅ 3 በመቶ ያህል ብቻ። አጀማመሩ 70 ሚሊሰከንድ፣ አወራረዱ 120።

እስከዚህ ድረስ ብታደርጉትም ኪቦርድ ነው የሚመስለው። ምክንያቱ እዚህ ጋ ነው፦ ሲኬንሰሩ በየእርምጃው አዲስ ኖታ ሲልክ «ጀምር» የሚለውንም ትእዛዝ አብሮ ይልካል። አዝማሪ ግን በአንድ የደጋን ጉተታ ሦስት አራት ድምፅ ያወጣል፤ ጣቱ ይንሸራተታል እንጂ ደጋኑ አይቆምም። መድኃኒቱ ሁለቱን መለየት ነው። የኖታው ረድፍ በ12ቱም እርምጃ ይሂድ፤ የ«ጀምር» ረድፍ ደጋኑ በሚዞርባቸው 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ብቻ ይብራ፤ ከበራ በኋላም ቀጣዩ ጉተታ ሊጀምር ጥቂት እስኪቀረው አይጥፋ። ይህን ረድፍ ለአዝማሪ ግጥም እየሰጠ «ተቀበል!» እንደሚለው ታዳሚ ቁጠሩት፤ ግጥም ሰጪው በየቃሉ አይጮህም፣ ስንኙን ሰጥቶ ይተዋል።

ከዚያ በኖታውና በኦሲሌተሩ መሃል 60 ሚሊሰከንድ የሚያንሸራትት ሞጁል አስገቡ። መንሸራተቱ በሴንት ወይም በቮልት ይሁን፣ በሄርዝ አይሁን፤ በሄርዝ ከሆነ ወደ ላይ ሲወጣና ወደ ታች ሲወርድ ቅርጹ ይለያያል። የድምፅ እርግብግቢቱም (ቫይብራቶ) እንደዚሁ ናት። በሰከንድ 5.5 ጊዜ፣ 15 ሴንት ስፋት። በሄርዝ 2 ብላችሁ ብትሰጧት 220 ላይ 16 ሴንት ያህል ትሆናለች፣ 440 ላይ 8፤ ወፍራሙ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጭኑ ይደርቃል። ደግሞ ከደጋኑ ጉተታ ጋር አብራ አትጀምር፤ 300 ሚሊሰከንድ ቆይታ ትግባ።

ክራር ለምትሉ አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ለክር ድምፅ የታወቀው ዘዴ አጭር ጫጫታ ዲሌይ (ድምፅ ማዘግያ) ውስጥ ከትቶ ማዞር ነው፤ የዲሌዩ ርዝመት ድምፁን ይወስናል፣ ለ220 ሄርዝ 4.5 ሚሊሰከንድ። ነገር ግን የብራውዘሩ የራሱ ዲሌይ ዙር ውስጥ ሲገባ ከ128 ናሙና (ኮምፒውተር ድምፅን የሚለካባቸው ነጥቦች) በታች አይወርድም። በሰከንድ 48000 ናሙና ይህ 2.67 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ከ375 ሄርዝ በላይ ክራሩ እምቢ ይላል፤ ምን ብታዞሩት እዚያው ይቆማል። በ44100 ደግሞ 344 ላይ። ኮዱ ተሳስቶ አይደለም። ወይ ክራሩን ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙ፣ ወይ ናሙና በናሙና የሚያሰላ ሞጁል ተጠቀሙ። የሚመለሰውን መጠን ደግሞ 1 አታድርሱት፤ 0.98 ይበቃል። ከ1 ካለፈ እያደገ ሄዶ ጆሮ ይጎዳል፣ በተለይ በኢርፎን።

እውነተኛ ማሲንቆ በማይክ ማስገባት የምትፈልጉ ደግሞ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ከገባ ማይኩን አትውቀሱ። ብራውዘሩ ለስልክ ጥሪ ብሎ ጫጫታ ማጥፊያ፣ ማሚቶ ማጥፊያና የድምፅ መጠን ማስተካከያ ይከፍታል። ረጅም የተጎተተ ድምፅ ለጫጫታ ማጥፊያው የአየር ማራገቢያ ይመስለዋል፤ ይበላዋል። ሦስቱንም አጥፉ። በብሉቱዝ ማዳመጫም ላይቭ አትጫወቱ፤ ከእጃችሁ ኋላ እየቀረ ምቱን ያስታችኋል፤ ገመድ ያለው ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ማስቀመጥ። ብራውዘር ውስጥ የተቀመጠ ፓች (የቀጠላችሁት የሳጥንና የገመድ ሥራ) ሂስትሪ ስታጸዱ ሊሄድ ይችላል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደክሞ መብራት ከጠፋም ያልተቀመጠው የለም። ከእያንዳንዱ ትልቅ ለውጥ በኋላ ፋይል አድርጋችሁ አውርዱት፤ ስሙ ላይ ቅኝቱን፣ መነሻ ድምፁንና ፍጥነቱን ጻፉበት፦ «አምባሰል 220 በ6 ሄርዝ»። «የመጨረሻ፣ የመጨረሻ 2» የሚሉ ፋይሎች ከወር በኋላ ሲከፈቱ የቱ ቅኝት እንደሆነ አይነግሯችሁም። በሉ፣ ባጃጁም ተመልሶ መጣ። ደህና ቆዩ።