የተጎታቹ ታንክ ጉዳይ፦ በኮሎራዶ የካምፒንግ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። አዳራሹን ለፈቀደልን ቤተ ክርስቲያን፣ ምግቡን ላዘጋጃችሁልን እህቶች፣ ወንበር ለደረደራችሁ ልጆች እግዚአብሔር ይስጥልን። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ በዚህ በረዶ ነድታችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ ኑሩልን። ከዚሁ ከአውሮራ፣ ሁለት መንገድ ማዶ ሆነው መምጣት ያቃታቸውም አሉ። ወደ እነሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን በዝርዝር ታቀርበዋለች፣ እኔ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ሰመሩን ወጥተናል፣ ጫካ አድረናል፣ የሌላውንም ሰው ቆሻሻ ለቅመን ተመልሰናል። ለአዲስ አባላት የካርታ ስልጠና ሰጥተናል። ብሔራዊ ደኖችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ፎረስት ሰርቪስ፣ በነፃ የሚያወጣውን፣ የትኛው መንገድ ለመኪና እንደተፈቀደ የሚያሳየውን ካርታ ስልኩ ላይ ጭኖ ኔትወርክ በሌለበት የሚያነብ ሰው አሁን በመካከላችን ሞልቷል። ኬኖሻ ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ አካባቢም ወጥተናል። ከባህር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ከደብረ ብርሃን ይበልጣል። አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነውም በመስቀል ሰሞን ነው፤ ያላያችሁት ቀረባችሁ።

ደመራውን እዚያው ጫካ ውስጥ እንለኩስ ያላችሁ ነበራችሁ። ወገኖቼ፣ የምንኖረው እኮ በ2020 የካሜሮን ፒክ እሳት ብቻውን ከ208,000 ኤከር በላይ ያቃጠለበት ስቴት ውስጥ ነው። የእሳት ገደብ ሲታወጅ የመጀመሪያው ደረጃ ራሱ፣ ከተዘጋጀ የማደሪያ ቦታ፣ ከካምፕግራውንድ ውጭ እንጨትም ከሰልም ማንደድ ይከለክላል። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ይፈቀዳል። ስለዚህ ደመራው በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ቡናው በጋዝ። እጣን የሌለው ቡና ምኑ ቡና ነው ብላችሁ ያኮረፋችሁ እናቶች እውነታችሁን ነው፤ የደን ጠባቂው ሬንጀር ግን ይህን አይሰማም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በብሔራዊ ደን ውስጥ 75 ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ ለመሰባሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ አይከፈልበትም፣ ቀደም ብሎ ማመልከት ብቻ ነው። ለአዲስ ዓመት ስንት ሰው እንደሚመጣ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ ግን "እስቲ እናያለን" ነው። "እስቲ እናያለን" የሚል ቁጥር ፎርሙ ላይ አይጻፍም።

እሺ። አሁን ወደ ታንኩ።

በመኪና የሚጎተተውን ማደሪያ፣ ተጎታቹን፣ በመዋጮ የገዛነው ሁሉም ሰው የራሱን መግዛት ስለማይችል ነው። ገዝተን በተራ እንውሰድ ተባለ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ሶላር አለው፣ የንጹህ ውሃ ታንክ አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ታንኮች አሉት። አንዱ የዕቃ ማጠቢያው ነው፣ ሌላው የሽንት ቤቱ። ካምፕግራውንድ ለምታድሩ ብዙ ጊዜ እዚያው የታንክ ቆሻሻ መድፊያ፣ ዳምፕ ስቴሽን አለ፣ ደፍታችሁ ትወጣላችሁ። እኛ የምንሄድበት፣ ከካምፕግራውንድ ውጭ ያለ ጫካ ግን ምንም የለውም። የማንከፍለውም ለዚህ ነው። ይዘን የገባነውን ሁሉ ይዘን እንወጣለን፣ ከወለሉ በታች ያለውንም ጭምር።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከሚውለው ከሌበር ዴይ በዓል በኋላ ተጎታቹ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው አለፈ። የሽንት ቤቱ ታንክ መለኪያ "ሙሉ" እያለ ነው። መለኪያው ይዋሻል አሉ። እውነት ነው፣ ወረቀት ሲጣበቅበት ይዋሻል፤ ሽታውስ? ሦስተኛው ቤተሰብ አምጥቶ በሩ ላይ አቆመው። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር አንሱ ብሎ ደብዳቤ ላከ። በዚህ መሃል ኦክቶበር እያለቀ ነው፣ የዴንቨርን ኦክቶበር ታውቁታላችሁ፣ ቀን በቲሸርት ማታ በጃኬት። አንድ ሌሊት ክፉኛ ቀዘቀዘ። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። የማፍሰሻው ቫልቭ ተሰነጠቀ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፣ በረዶው ቀለጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም፣ ገና እራት አልበላንም።

ጥገናው መጠባበቂያ ገንዘባችንን ጨርሶታል። ለሚመጣው ሰመር ጎማ መቀየር አለብን፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ሣጥኑ ባዶ ነው። ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ ደግሞ የዓመቱን መዋጮ ገና አልከፈሉም።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ፣ ዊንተሩን ሙሉ ስልኬ አላረፈም። የመጨረሻው ቤተሰብ የሞላው በእኛ አይደለም ይላል፣ የመካከለኛው ስንረከበውም ግማሽ ደርሶ ነበር ይላል፣ የመጀመሪያው ደግሞ እኛ እኮ ሽንት ቤቱን አልነካነውም፣ ጫካ ነበር የምንሄደው ይላል፤ እሱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ጫካ መሄድ ማለት ከውሃ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ቆፍሮ፣ መልሶ መድፈን ማለት ነው፣ አካፋውን ግን ተጎታቹ ውስጥ ከነላስቲኩ ነው ያገኘነው።

ሌሎቻችሁም ዝም አላላችሁም። የመጨረሻው ተጠቃሚ ሙሉውን ይክፈል ያላችሁ አላችሁ። የማኅበር ንብረት ነው፣ ማኅበሩ ይክፈል ያላችሁ አላችሁ። ሽጠን እንገላገል ያላችሁም አላችሁ፤ ደግሞ የሚገርመው፣ እንሽጠው ብላችሁ ከጮሃችሁት አንዳንዶቻችሁ ተጎታቹን አንድ ቀን እንኳ አልወሰዳችሁትም።

ወላጆቻችን የእድር ድንኳንና ሳህን እንዴት ይይዙ እንደነበር አስታውሱ። ሳህን ሲወጣ ይቆጠራል፣ ሲመለስ ይቆጠራል። የጎደለበት ይተካል። የቀረ ይቀጣል፣ ቢያኮርፍም ከፍሎ ነው የሚያኮርፈው። እኛ ሶላርና ጂፒኤስ ይዘን አንድ ታንክ ባዶ ነው ወይስ ሙሉ ነው የሚለውን መነጋገር አቃተን።

ለአንድ ቫልቭ ይህ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው የሚል አለ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ ቫልቩ ከሰው ቤት በር ላይ ስለተሰነጠቀ እግዚአብሔርን አመስግን። ያ ታንክ ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ተሰንጥቆ ቢሆን ምን እንል ነበር? ወይስ አንዱ ሰልችቶት ማታ ተነስቶ ቢለቀው? የሽንት ቤት ታንክ በሕዝብ መሬት ላይ መድፋት ክልክል ነው፣ ክርክር የለውም። ክሬስትድ ቢውት በምትባለው የተራራ ከተማ አካባቢ ድሮ ደስ ያለህ ቦታ ቆመህ ታድር ነበር። ሰው በዛ፣ ቆሻሻ በዛ፣ የሰው ዓይነ ምድር በየድንጋዩ ሥር ተገኘ። አሁን በዙሪያው ባሉት ሸለቆዎች የሚታደረው ቁጥር በተሰጠው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ቦታው እንደዚህ ነው የሚዘጋው፣ በአዋጅ ሳይሆን ቀስ በቀስ። አንድ ቦታ ላይ በአብዛኛው 14 ቀን ድረስ መቆየት ስለተፈቀደ ባዶ ተጎታች አቁሞ፣ ቦታ ይዞ፣ ወደ ሥራ መመለስም ይቅር። ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ተናድጄ ብቻ አልጨርስም። ጁላይ ላይ አንዲት ሃይስኩል ያለች ልጃችን ዳምፕ ስቴሽን ላይ ጓንቷን አጥልቃ፣ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንክ ከፈተች፣ እሱ ሲያልቅ የዕቃ ማጠቢያውን፣ ቱቦው በሳሙናው ውሃ እንዲታጠብ። አጥባ፣ ዘግታ፣ ክዳኑን ገጥማ ጨረሰች። አባቷ ራቅ ብሎ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። ልጅቷን አጨብጭቡላት፣ እዚያ ኋላ ተቀምጣለች። አባትየውን ተዉት።

ዛሬ ያልመጣችሁትን በተመለከተ። ይህ ንግግር እየተቀረጸ ነው፣ ነገ ይደርሳችኋል። ሦስቱም ቤተሰቦች ተጋብዛችኋል፣ ሦስታችሁም ቀርታችኋል። አንዳችሁ ሥራ አለኝ ብላችኋል፣ አምናለሁ። ሌሎቻችሁ ሁለታችሁ ምንም አላላችሁም። ማንም ሊያዋርዳችሁ አልተዘጋጀም፣ እናንተ ስትመጡ ነው ወሬው የሚቆመው። ዊንተሩን ጠፍታችሁ ሜይ ላይ "ተጎታቹ የሚወሰድ ነው እንዴ?" ብላችሁ የምትደውሉትም፣ ዘንድሮ መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ መዋጮ ያልከፈለ አይወስድም። አንተም ወንድሜ፣ መጎተቻውን እኔ ራሴ ጋራዥህ ውስጥ ተንበርክኬ የገጠምኩልህ፣ ስልክ አንሳ።

ቦርዱ የሚያቀርበው ሐሳብ ይኸውና። ተረካቢው ሁለቱም ታንኮች ባዶ መሆናቸውን በዓይኑ አይቶ ይፈርማል፤ ባዶ ካልሆኑ አይረከብም፣ ይሉኝታ የለም። ሴፕቴምበር ሳያልቅ ውሃው ከየቧንቧው ወጥቶ ቧንቧው በብርድ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው ሮዙ ፈሳሽ፣ አንቲፍሪዝ፣ ይገባል፣ ለዚህም ሁለት ሰው በስም እንመርጣለን፣ "ሁላችንም እናደርገዋለን" የሚባለውን አልቀበልም። የጥገናውን ግማሽ ሦስቱ ቤተሰቦች እኩል ይከፍላሉ፣ ግማሹን ማኅበሩ። እኔ እንዳይሸጥ ነው የምፈልገው፣ አልደብቅም፤ ጉባኤው ከወሰነ ግን ይሸጣል።

የምትቃወሙ አሁን እጃችሁን አውጡ፣ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ቆማችሁ አይደለም። እራት የሚቀርበው ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ነው፣ ከእህቶች ጋር ተነጋግሬአለሁ። ሒሳብ ሹማችን፣ ና ወደዚህ፣ ቁጥሩን አንብብልን።