ከኋላ ወንበር የታየ ክፍል፦ ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ እጩ የእንግሊዝኛ መምህራን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ እጩ መምህራን፤

ሰኞ ጠዋት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊት ልትቆሙ ነው። ሥነ ልሳን፣ ሥነ ጽሑፍ፣ የትምህርት ሥነ ልቦና፣ የማስተማሪያ ሥነ ዘዴና ምዘና ተምራችኋል፤ ፈተናውንም አልፋችኋል። እኔ እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ልምምዱ ደንብ ነበር። ደንቡ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ፤ አንብቡት። ያለኝን ደቂቃ ለሌላ ነገር ልጠቀምበት። እንደ ስንቅ ይዛችሁ የምትወጧቸው ሁለት ነገሮች ክፍል ስትገቡ ያታልሏችኋል ብዬ እፈራለሁ። አንዱ እንግሊዝኛ መቻላችሁ ነው። ሌላው ለብዙ ዓመታት ተማሪ ሆናችሁ መቀመጣችሁ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ዳን ሎርቲ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ወደ 13,000 ሰዓት ያህል መምህራን ሲያስተምሩ እያየ እንደሚያሳልፍ ጽፏል። ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው ሐኪም ሲሠራ ይህን ያህል አይቶ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። እኛ ግን ሙያችንን ሳንጀምረው የጠገብነው ይመስለናል። ያየነው ግን ከፊት ያለውን ብቻ ነው። መምህራችን ሲጠይቅ አይተናል፤ ያንን ጥያቄ ለምን እንደመረጠ፣ ለምን ያችን ልጅ እንደጠራ፣ ማታ ዕቅዱን ሲያወጣ ምኑን ጽፎ ምኑን እንደሰረዘ አላየንም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስንደነግጥ ቶሎ የሚደርስልን የተማርነው ሥነ ዘዴ አይደለም። የድሮ መምህራችን ድምፅ ነው ከአፋችን የሚወጣው።

ከእኔም አፍ ወጥቷል። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ያስተማርኩት ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለውን የግሥ ጊዜ ነበር። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ “ሃቭ” ወይም “ሃዝ”፣ ከዚያ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ። ምሳሌ ሰጠሁ። “ገባችሁ?” አልኩ። “አዎ!” አሉ በአንድ ድምፅ። ከመሃል አንድ ልጅ እጁን አነሳ። “ቲቸር፣ ‘አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ’ ማለት ለምንድን ነው ስህተት የሚሆነው? በአማርኛ ‘ትናንት አይቼዋለሁ’ እንል የለ?”

መልስ አልነበረኝም። እኔ ያንን ስህተት አልሠራም፤ ጆሮዬ ይነግረኛል። ለምን ስህተት እንደሆነ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። “እንግሊዝኛ እንዲህ ነው” ብዬ አለፍኩት። ልጁ ተቀመጠ፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅም እጁን ደግሞ አላነሳም።

ከዚያ ሰዓት ሁሉ የሚበልጠው የእሱ ጥያቄ ነበር። “አይቼዋለሁ” ስንል ያለፈውን ነገር ከአሁን ጋር እናያይዘዋለን፤ እንግሊዝኛውም ያያይዘዋል። እስከዚህ ድረስ ልጁ ልክ ነው። አማርኛ ግን “ትናንት” የሚለውን ቃል አብሮ መጥራት አይከለክልም። እንግሊዝኛ ይከለክላል፤ ያለቀ ጊዜ፣ ትናንትም ይሁን ባለፈው ዓመት፣ በስሙ ከተጠራ ግሡ ወደ ተራው ኃላፊ ጊዜ መሄድ አለበት። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ማስመር ይበቃ ነበር፤ አንዱ እስከ አሁን የሚደርስ፣ ሌላው አሁን ላይ ሳይደርስ የሚቆም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንግሊዝኛ መቻሌ ያንን ሁለት ደቂቃ አልሰጠኝም። እንዲያውም የከለከለኝ እሱ ነው፤ ለእኔ ቀላል የሆነ ነገር ለልጁ የት ላይ እንደሚከብደው እንዳላይ አደረገኝ።

አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ሊ ሹልማን በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ እውቀት የራሱን ስፍራ ሰጥቶታል። ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በጥቅሉ ማስተማር መቻልም ሌላ ነው። ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ አለ፤ ይህ ርዕስ ለዚህ ተማሪ የት ላይ እንደሚጠብቅበት፣ በየትኛው ምሳሌ እንደሚፈታለት ማወቅ። የሥልጠናችን እምብርት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የንድፈ ሐሳብ ኮርሶችን አላቃልልም፤ ነገር ግን እንዲህ ላለው ጥያቄ ካላዘጋጁን ከፈተና ወረቀት አያልፉም።

ድምፅንም እንውሰድ። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ በአናባቢያቸው ይለያሉ። በእኛ ፊደል ስንጽፋቸው ሁለቱም “ሺፕ” ናቸው። ልጁ ልዩነቱን ካልሰማ ስለሰነፈ አይደለም፤ የመጀመሪያ ቋንቋው ያንን ልዩነት እንዲሰማ አላስለመደውም። “ድገም” ብትሉት ያንኑ ይደግምላችኋል። መጀመሪያ ይስማ። ሁለቱን ቃላት እያፈራረቃችሁ ጥሩለት፤ ለመርከብ አንድ ጣት፣ ለበግ ሁለት ጣት ያንሳ። ጆሮው መለየት ሲጀምር አፉን ጠይቁት። “ስኩል” የሚለውን ቃል “እስኩል” ብሎ የሚያነበውም እንዲሁ ነው። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢዎች ያለ አናባቢ እንዲደራረቡ እምብዛም አይፈቅድም፤ ልጁ የራሱን ቋንቋ ሥርዓት በታማኝነት እየጠበቀ ነው። ይህን የሚያውቅ መምህር ሲያርም አይቆጣም፤ ተማሪውም አፉን ለመክፈት አይፈራም።

ስለ ደብተር እርማት ጥቂት ልቆይ፤ ምሽታችሁን የሚበላው እሱ ነውና። የሥነ ልሳን ምሁሩ ፒት ኮርደር በ1967 የተማሪን ስህተት መምህሩ እንደ ማስረጃ እንዲያየው የሚያሳስብ ጽሑፍ አውጥቷል፤ ስህተቱ ተማሪው እስከ አሁን ምን እንደተማረ ያሳያል። “ዌንት” ማለት ሲገባው “ጎ” ላይ “ኢድ” ቀጥሎ “ጎድ” ብሎ የጻፈውን ልጅ አስቡት። ያንን ቃል ከማንም አልሰማውም፤ ራሱ ሠራው። ኃላፊ ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ ሕጉን ይዟል፤ ከሕጉ የሚያፈነግጠውን ቃል ብቻ ነው ገና ያልያዘው። ቀይ መስመር ከማስመራችሁ በፊት ይህን አንብቡለት። የአንድ ክፍል ደብተር ሰብስባችሁ እያንዳንዱን ስህተት ብታርሙ ደግሞ እናንተ ሌሊቱን ትጨርሳላችሁ፤ ልጁ ቀይ የሆነ ገጽ አይቶ ይዘጋዋል። ለዚያ ሳምንት አንድ ዓይነት ስህተት ምረጡ። እሱን ብቻ ምልክት አድርጉበት፤ መልሱን አትጻፉለት፤ ራሱ አርሞ ያምጣ። ሌላውን ሳታርሙ ማለፍ ያማል፤ ግን ማለፍን መልመድ አለባችሁ።

የራሳችሁንም እንግሊዝኛ አታቁሙት። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ ለአንባቢ የተጻፉ መጻሕፍትንና ጋዜጦችን ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃላት ቤተሰቦች፣ ማለትም አንድ ቃል ከእርባታዎቹና ከውልዶቹ ጋር እንደ አንድ ተቆጥሮ፣ እንደሚያስፈልጉ አስልቷል። ተማሪዎቻችሁ ወደዚያ የሚሄዱት እናንተ በየቀኑ የምታነቡ ከሆነ ነው። ይህን ማንም አይቆጣጠርላችሁም።

አሁን ወደዚያ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ልመለስ። አስተማሪዬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ትንሽ ደብተር ይዘው ነበር። ተማሪዎቹ ሲወጡ ሰጡኝ። ምክር የሚጽፉልኝ መስሎኝ ነበር፤ ያገኘሁት ግን የክፍሉን ወንበሮች የሚያሳይ ሥዕል ነው። የጠራሁት ተማሪ በተቀመጠበት ሁሉ ነጥብ አድርገዋል። ነጥቦቹ ሁሉ ከፊት ሁለት ረድፍ ላይ ነበሩ። ከሥሩ ደግሞ የጠየቅኳቸውን ጥያቄዎች ዘርዝረው፣ ከአብዛኞቹ አጠገብ “ራስህ መለስከው” ብለው ጽፈዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ “ጥሩ ጥያቄ” ይላል። እሱም የእኔ አልነበረም፤ የልጁ ነው።

ኋላ ሳነብ ሕመሜ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አወቅኩ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ የሳይንስ ክፍሎችን ቀርጻ ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኘች። ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው መጠየቅ አበዙ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚመልስ ልጅ ደግሞ ሥራው እጥፍ ነው። ጥያቄውን መረዳት፣ ሐሳቡን ማግኘት፣ ቃሉን መፈለግ፣ በሰው ፊት ለመሳሳት መድፈር፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ አይሆንም።

ሦስት ሰከንድ ስትሰሙት ቀላል ነው። ፊት ቆሞ ሲጠብቁት ግን ክፍሉ የተበላሸ፣ ትምህርቱ ያልገባ፣ እናንተም መምህር ያልሆናችሁ ያስመስላል። ለዚህ ነው በማይክሮቲቺንግ ያለማመድናችሁ። ዘዴው በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ አጭር ትምህርት፣ ጥቂት ተማሪ፣ ቀረጻ፣ ግብረ መልስ፣ ከዚያ እንደገና ማስተማር። በእኔ ፈቃድ ቢሆን ሰዓቱን እጥፍ አደርገው ነበር፤ በተለይ የመጨረሻውን፣ እንደገና ማስተማሩን። ብዙ ጊዜ ግብረ መልሱን ሰጥተን እንበተናለን፤ ለውጡ የሚመጣው ግን ያበላሹትን በማግስቱ ደግሞ ሲያስተምሩት ነው።

ያንን ልጅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፈልጌ አገኘሁት። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና “ይህን የጠየቀኝ እሱ ነው፤ ያን ቀን መልሱን አላውቀውም ነበር” አልኩ። ሁለቱን መስመሮች አሰመርኩ። “ታዲያ ‘ቱዴይ’ ብንልስ?” አለ ከኋላ ረድፍ ሌላ ልጅ። ስሙን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሰኞ ከእናንተ የአንዳችሁ ክፍል ውስጥ እሆናለሁ። ትንሽ ደብተር ይዤ ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ አትፍሩኝ። ጥያቄያችሁን ጠይቃችሁ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ እጃችሁ ወደ ሰሌዳው ሊሮጥ ሲል፣ ወደ እኔ ተመልከቱ። በጣቶቼ እቆጥርላችኋለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።