ሁለተኛው ጉዟችን የሁለታችንም እንዲሆን

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ከደብረ ማርቆስ ነው። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ እኔና ባለቤቴ ወደ ጀርመን ለመመለስ እየተዘጋጀን ሥራንና ትምህርትን እንዴት ጎን ለጎን እንደያዝን ነው። የማምንበትን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ባልና ሚስት ለትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ ሲነሡ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው፣ ዕድሉን ያገኘው ሰው ትምህርት ሳይሆን፣ "እሷ ደግሞ ትከተላለች" የሚባልላት ሰው ትምህርት ነው። ዕድሉን ያገኘው ሰው የሚጠይቀው ፕሮፌሰር፣ የሚያስገድደው የጊዜ ገደብ፣ የሚከፈለው ገንዘብ አለው። የምትከተለዋን ግን የት ደረሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ ስለዚህ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚታጠፈው የእሷ ደብተር ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን እሱ ለማስተርስ ሲሄድ እኔ በትዳር ቪዛ ተከትዬው ሄድኩ። በነርስነት ተመርቄ ሆስፒታል ውስጥ ሠርቻለሁ። ይሁን እንጂ ጀርመን ውስጥ ነርስ ሆኖ ለመቀጠር የትምህርት ማስረጃው በክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ባለው አካል ተመርምሮ ዕውቅና ማግኘት፣ ቋንቋውም አብዛኛውን ጊዜ ቢ2 የሚባለው፣ ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ መድረስ አለበት፤ ሥልጠናው ከእነርሱ ሥልጠና ጋር ልዩነት ከተገኘበትም ወይ ፈተና መፈተን ወይ የማሟያ ሥልጠና መውሰድ ግድ ይላል። ስለዚህ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳትነት ገባሁ። አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ አንድ ቀን ጠዋት ካልሲያቸውን ሳወልቅ ተረከዛቸው ቀልቶ፣ በጣት ሲጫኑትም ቅላቱ የማይጠፋ ሆኖ አገኘሁት። ይህ የመኝታ ቁስል መጀመሪያ መሆኑን ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ጽፎ የሕክምናውን አካሄድ መወሰን የነርሷ ሥልጣን በመሆኑ ጠርቻት አሳየኋትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የረዳትነት ሥራ ክቡር ሥራ ነው፤ ሠርቼዋለሁና አከብረዋለሁ። የማውቀውን እያወቅሁ ከዳር መቆሜ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የተመለስነው በውል ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ለትምህርት ሲላክ ተመልሶ ሊያገለግል ይፈርማል፣ ዋስም ይጠራል፤ የእሱ ዋስ አጎቱ ነበሩ። በገዛ ደመወዛቸው የፈረሙ ሰው አገር ቤት እያሉ እዚያው እንቅር የሚል ሐሳብ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። አሁን የአገልግሎት ዘመኑ ተፈጽሟል፤ የዶክትሬት ቦታም ከነደመወዙ አግኝቷል። ደመወዝ ባይኖረው ኖሮ አይታሰብም ነበር፤ በራሱ ወጪ የሚማር ሰው ለቪዛው በዝግ ሂሳብ፣ ማለትም በየወሩ ተቆጥሮ ብቻ በሚወጣ ሂሳብ፣ እንዲያስቀምጥ የሚጠየቀው የአንድ ዓመት ገንዘብ በ2017 ዓ.ም. 11,904 ዩሮ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ደመወዝ የሚተዳደሩ መምህርና ነርስ ይህን ከየት ያመጡታል?

ባለቤቴ የሚያጠናው የአፈርን አሲዳማነት ነው። በጎጃም ደጋ ገበሬው ማዳበሪያ ጨምሮም ምርት የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው አሲዳማነት ነው። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች እንዲህ ያለውን ማሳ ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ዝርያ ይተክሉበታል፤ ዛፉ ሲደርስ ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፣ ከዚያም መሬቱን መልሰው እህል ይዘሩበታል። እሱ አፈሩ በዚያ ዑደት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያገግም ማወቅ ይፈልጋል፤ እኔም ጥናቱ እንዲሳካ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ደግሞ እዚሁ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ያለጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናትና ስለ ካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ስለ ማሞቅ ነው። ሳሎናችን ውስጥ በዓላትና አጽዋማት የተጻፉበት የግድግዳ ካላንደር አለ። የሆስፒታሉ የተረኝነት ፕሮግራም ሲወጣ የአዳር ተራዬን በቀይ እስክሪብቶ እከብባለሁ፤ እሱም የሚያስተምርበትንና ለአፈር ናሙና ወደ ገጠር የሚወጣበትን ቀን በሰማያዊ ያሰምርበታል። ላፕቶፓችን አንድ በመሆኑ በባዶዎቹ ቀናት ላይ የባለተራው ስም ይጻፋል። ከአዳር ስወጣ እስከ ስምንት ሰዓት ተኝቼ እነሣለሁ፤ ከዚያ እስከ ማታ ላፕቶፑ የእኔ ነው፣ ሽሮውንም የሚሠራው እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ተራው ወደሚቀጥለው ቀን ይተላለፋል እንጂ አይሰረዝም፤ ይህን ደንብ ያወጣው እሱ ነው፣ አመሰግነዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠበት ጊዜም ለፕሮፌሰሩ የሚላከውን ጽሑፍ በፍላሽ ገልብጦ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ይሰጥ ነበር፤ የእኔም የጽሑፍ ምንጮች በዚያው ፍላሽ ተጭነው ይመለሱልኝ ነበር።

ብዙ ሰው ድካሙን አይደግፍልኝም። አማቴ በፍቅር ነው የሚናገሩት፦ "ልጄ፣ እንዲህ እንቅልፍ አጥተሽ መክሳትሽ ምንድን ነው? እዚያው ስትደርሺ አትማሪምን?" "እማዬ፣ እዚያ ስደርስ የሚጠይቁኝ እዚህ የጨረስኩትን ነው" አልኳቸው። ይህ እውነት ነው፤ ዕውቅና ለመጠየቅ የኮርስ ዝርዝሩ፣ የተማርኩበት ሰዓት፣ የሥራ ልምዱ፣ ሁሉም ከዚህ ተረጋግጦ መሄድ አለበት።

ጎጃም ለትምህርት ከቤት መውጣትን ከማንም ሳይማር የሚያውቅ አገር ነው። ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፣ ቅኔ ፍለጋ፣ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ የወጣው የቆሎ ተማሪ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን የሚወጣ ወንድ ልጅ ነበርና ያ መንገድ ለባልና ሚስት የሚሆን ሥርዓት አላቆየልንም። ሴትን በተመለከተ የማስታውሳቸው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ነው። ዓይነ ስውር ሆነው ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ በዚሁ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ያስተማሩ መምህርት ናቸው። "ሴት ትከተላለች" ሲባል በሰማሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

የጊዜው ጉዳይ ግን መወሰን ነበረበት። ፕሮፌሰሩ ባለቤቴ በጥቅምት እንዲጀምር ጠይቀውት ነበር፤ የእኔ ዲፌንስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን፣ ደግሞ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ቀድሞ ይሂድና እኔ ልከተል የሚለውን ሐሳብ በቁም ነገር ተመካከርንበት፤ ሆኖም እንደዚያ ከሆነ ቤቱም፣ ሰነዱም፣ አዳሩም በእኔ ላይ ወድቆ ጽሑፉ ተመልሶ እንደሚታጠፍ ሁለታችንም አየነው። ጀርመን ውስጥ የዶክትሬት ጥናት ፕሮፌሰሩ ከተስማማ በተለያየ ወር ሊጀመር ስለሚችል አብረን ተቀምጠን ደብዳቤ ጻፍን። ምክንያቱን ሳይሸፋፍን፣ ባለቤቱ የራሷን ትምህርት እየጨረሰች መሆኗን ገልጾ ጊዜ ጠየቀ፤ መልሱም ሚያዝያ ይሁን የሚል ነበር።

ስለ ሰነድ ማረጋገጥ ቅደም ተከተል ለጠየቃችሁኝ አድማጮቼ በሚቀጥለው ክፍል እመለስበታለሁ። ደኅና ሁኑ።