ትልቅ ራስ ያለው ሽሪምፕ

እንደምን አመሻችሁ! ብዙዎቻችሁ ለንግድ የቻይናዋ ከተማ ጓንዡ ትመላለሳላችሁ። ስለ ዕቃ ዋጋ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ እኔ የማወራው እዚያ ስለሚነገረው ካንቶንኛ ነው። በተለይ የሰው ጠባይ ስለሚነካባቸው አባባሎች።

የደረሰብኝን ላስቀድም። ጓንዡ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ጃንጥላዬን ረስቼ ወጣሁ። ባለቤቲቱ ሮጠው ደረሱብኝና እየሳቁ «ዳይ ታው ሃ!» አሉኝ። ትርጉሙን ባጠያይቅ «ትልቅ ራስ ያለው ሽሪምፕ» ሆኖ ተገኘ፤ ሽሪምፕ ያቺ ለምግብ የምትሆነው ትንሽ የውኃ እንስሳ ናት። እጄ ሳላስበው ወደ ጭንቅላቴ ሄደ። ለካ ዝንጉ፣ ዕቃውን የትም ጥሎ የሚሄድ ሰው ማለት ነው። ክፉ ስድብ አይደለም፤ እናት ለልጇም ትለዋለች።

ካንቶንኛ 6 ቃና አለው፤ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። እኔን ያስቸገረኝ ግን ቃናው ብቻ አይደለም። ቃላቱን አንድ በአንድ ለይቼ እንኳ ሰውየው ምን እንዳለ አይገባኝም ነበር። አባባሉ ከኩሽና ነዋ የሚመጣው!

«የሞተ ዶሮ የድስት ክዳን ይገፋል» ይላሉ። ዶሮው አልቆለታል፤ ግን ደርቆ ክዳን አላስገጥም ይላል። ጥፋቱ ፍጥጥ ብሎ እየታየ የሚከራከር ሰው ነው። እኛ «ብትበርም ፍየል ናት» የምንለው ዓይነት። የእኛዋ ፍየል ቢያንስ በሕይወት አለች።

ከሁሉ የምወደው «የሞተ ድመት መብላት» ነው። ሌላው ባጠፋው የተወቀሰ ሰው «የሞተ ድመት በላ» ይባላል። እኛ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» እንላለን። ልብ በሉ፣ የእኛ አባባል የሚያየው ለካኪውን ነው። የእነሱ ግን ዋጪውን። ያ የሚተናነቀው ጉሮሮ ይታያችኋል። አለቃው ባጠፋው ደመወዙ የተቆረጠበት ሰው ይህን ሲላችሁ «የማን ድመት?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ።

ከሥራ እየሾለከ የሚያርፍ «የእባብ ንጉሥ» ነው። አለቃ ፊት የሚያሽቃብጠውን ደግሞ «ጫማ ይጠርጋል» ይሉታል። ሊስትሮዎቻችን ይቅር ይበሉኝ፤ እነሱ የላባቸውን ነው የሚበሉት። ይሄኛው አባባል ያስቀይማል፣ ሰው ፊት አትሞክሩት።

«ዶሮ ከዳክዬ ጋር ሲያወራ»ን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ገበያ ውስጥ ከሻጩ ጋር በካልኩሌተር የተከራከራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ዶሮው ማን እንደነበር ግን አልጠይቅም።

አመሰግናለሁ። ጃንጥላዬ እዚያ ወንበር ሥር ናት። ረስቻት ከወጣሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠሩኝ ታውቃላችሁ።