ለሙቀት የሚሆን ጫማ ከውስጥ ይመረጣል

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ወንዶች ጫማ እናውራ፤ ያውም በሙቀት ጊዜ ስለሚደረገው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነገሩ ብዙም አያስጨንቅም ይሆናል። ጠዋት ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ የሚውል ሰው ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ እግሩ ሌላ አገር ይገባል። የከሚሴና የቆቦ ሙቀትማ አይነሳ።

ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙንና አፍንጫውን ነው። እኔ የምላችሁ፣ ከማየታችሁ በፊት እጃችሁን ጫማው ውስጥ ክተቱ። ገበሩን በአውራ ጣት እስከ ጣቶች ማረፊያው ድረስ ዳብሱት። የቆዳ ገበር ደረቅ ነው፣ ጣትን ትንሽ ያዝ ያደርጋል። ፕላስቲክ ነክ የሆነው ያንሸራትታል፣ ይቀዘቅዛል። ውጪው ምንም ያህል ጥሩ ቆዳ ቢሆን ገበሩ ፕላስቲክ ከሆነ ላቡ መሄጃ የለውም፤ ካልሲው ውስጥ ይቀራል፣ ቆዳችሁ ይረጥባል፣ የረጠበ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ሽታውም ከዚያው ነው የሚመጣው። ቆዳ መሆኑን ለማረጋገጥ የጫማውን ምላስ ገልብጣችሁ ጠርዙን እዩ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ የተጠላለፈ ቃጫ መሰል ነገር ይታይበታል። ሰው ሠራሹ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ንጣፍ ነው፤ ሁለቱ ተለይተው ይታያሉ።

እዚህ ላይ ባቲን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። የባቲ አካባቢ የፍየል ቆዳ በዓለም የቆዳ ንግድ «ባቲ ጀኒዩን» ተብሎ በስሙ የሚታወቅ ነው። ወፈር ያለ ሆኖ እንደ ልብ ይተጣጠፋል፣ ስዊድ ለሚባለው ላዩ ከፋይ መሰል ቆዳም ተፈላጊ ነው። የፍየል ቆዳ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ለሙቀት ጫማ ከከብት ቆዳ ይልቅ እመርጠዋለሁ። እንዲህ ያለ ቆዳ ከሚወጣበት አገር ያለ ወጣት በፕላስቲክ ጫማ እግሩ ሲቀቀል ማየት ያሳዝናል።

ወደ ልኩ እንምጣ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። እግር ሲውል ያብጣል፣ በሙቀት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ 10 ሰዓት ገደማ ለኩ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፉ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ቁሙ፣ የረጅሙን ጣት ጫፍ ምልክት አድርጉ። ሁለቱንም እግር ለኩና ትልቁን ያዙ። በሴንቲ ሜትር ያገኛችሁት ላይ 1.5 ደምሩ፣ ድምሩን በ1.5 አባዙ። እግራችሁ 26.5 ከሆነ 28 ይመጣል፣ በ1.5 ሲባዛ 42። ቁጥራችሁ እሱ ነው። በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ «ትንሽ ነው ግድ የለም» አትበሉ። ስትሞክሩት ከጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቅር። ሻጩ «ሲደረግ ይሰፋል» ካላችሁ ግማሹ እውነት ነው፦ ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለቃል፣ ወደ ፊት ግን አይረዝምም። ሰው ሠራሹ ወዴትም አይሄድም።

ሶሉን እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶቻችሁ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ነው። መሃሉ ላይ ከታጠፈ ውስጥ እግርን የሚደግፈው ነገር ደካማ ነው፣ ማታ ውስጥ እግራችሁን ያማችኋል። የደሴ ዳገትና ኮብልስቶን ላይ ልሙጥ የቆዳ ሶል ያንሸራትታል፤ ስስ የጎማ ሶል ያለው ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየ ጫማ ላይም ተጠንቀቁ። ፖሊዩሬታን የሚባለው ለስላሳ ሶል ሳይደረግም ከአየሩ እርጥበት የተነሳ ያረጃል፤ ከሩቅ አዲስ ይመስላል፣ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። በጥፍር ጫን በሉት፤ ከተጣበቀ ወይም ከተላጠ ተዉት።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ጫማ በቀን ስንት ጊዜ ይወልቃል! መስጊድ በር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዱዓና ቡና ላይ ምንጣፍ ሲኖር። ማሰሪያ የሌለው ሞካሲን ለዚህ ይመቻል። ውዱእ አድርጎ እግሩን ሳያደርቅ ጫማ ውስጥ የሚከት ግን ገበሩን ያበሰብሳል፣ ጣቶቹ መሃልም ፈንገስ ያወጣል። ትንሽ ፎጣ ያዙ፣ በተለይ በትንሿ ጣትና ከጎኗ ባለችው መሃል በደንብ አድርቁ። ካልሲ ስስ ይሁን፣ ላብ የሚበዛባችሁ እኩለ ቀን ላይ ቀይሩት። ሁለት ጥንድ ጫማ ካላችሁ እያፈራረቃችሁ አንዱን አንድ ቀን አሳርፉት፤ በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ አይደርቅም።

መልኩን በተመለከተ አብሽሩ፣ አይከብድም። ቀላ ያለ ቡናማ ሞካሲን ከጂንስም ከሱፍ ሱሪም ይሄዳል፣ አቧራም እንደ ጥቁሩ አያሳብቅበትም። ሰንደል ከሆነ ተረከዝ ላይ ማሰሪያ ያለውን ውሰዱ፤ ከሽርጥ ጋርም ያምራል።

ነጭ ሸራ ጫማ ታጥቦ ቢጫ የሚሆነው ሳሙናው በደንብ ሳይለቀቅ ፀሐይ ላይ ስለሚሰጣ ነው። ንጹህ ውሃ እስኪወርድ ሦስት አራት ጊዜ አለቅልቁት፣ ከዚያ ላዩን በነጭ ሶፍት ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ የቀረው ቢጫ ወደ ሶፍቱ ይወጣል። የቆዳውንም ፀሐይ ላይ ወይም መኪና መስታወት ስር አትተዉት፣ ማስቲሹ ይለሰልስና ሶሉ ከጫፉ መላቀቅ ይጀምራል። ከረጠበ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ቀይሩት።