ከሮም በፉርጎ የተጫኑት መጻሕፍት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

ሰሞኑን ስለ ታምራት አማኑኤል ሳነብ ነበር። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን በጻፉት ነው። የቤተ እስራኤል ተወላጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ዣክ ፋይትሎቪች የሚባሉ፣ ቤተ እስራኤልን ያጠኑ አይሁዳዊ ምሁር ወደ አውሮፓ ወሰዷቸው፤ ፍሎረንስ ከተማ በነበረው የጣሊያን የረቢዎች (የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን) ኮሌጅም ተማሩ። እኔ ግን ቀልቤን የሳበው ከዚያ በኋላ ኮሌጁ የገጠመው ነገር ነው።

ኮሌጁ በ1829 ፓዱዋ ላይ ተከፈተ (የምጠራው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ከተማ ሲቀያይር ኖሮ በ1930ዎቹ ከፍሎረንስ ሮም ገባ። መጻሕፍቱ ቴቬሬ ወንዝ ዳር ባለው ትልቁ ምኩራብ ተቀመጡ። እዚያው ሕንጻ ውስጥ ሌላም ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ የሮም አይሁድ ማኅበረሰብ ንብረት። ወደ 7,000 ጥራዝ ይሆናል። ኅትመት ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የታተሙ የዕብራይስጥ መጻሕፍትም ነበሩበት።

በሴፕቴምበር 1943 ናዚዎች የሮምን አይሁድ 50 ኪሎ ወርቅ አምጡ አሏቸው። የተሰጣቸው 36 ሰዓት ብቻ ነው። ቀለበት ከጣት፣ ሐብል ከአንገት እየወጣ ወርቁ ሞላ። ሰዉም ተረፍን ብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ሌሎች ጀርመኖች መጡ። እነዚህ ደግሞ መጽሐፍ የሚያውቁ ናቸው! እያገላበጡ ዋጋውን መረመሩ። ኦክቶበር 14 ቀን መጻሕፍቱን በፉርጎ መጫን ጀመሩ።

ኦክቶበር 16 ሰዎቹን ለቀሙ። ከ1,000 በላይ ሰው ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ወደ አውሽዊትዝ ተጫነ። የተመለሱት 16 ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ የኮሌጁ መጻሕፍት አብዛኞቹ ጀርመን ውስጥ ተገኝተው ሮም ገቡ። የማኅበረሰቡ ግን የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ቀረ። የጣሊያን መንግሥት በ2002 ኮሚሽን አቋቁሞ እስከ 2009 አስፈልጓል። ወፍ የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ መዝገቡ ነው። የማኅበረሰቡ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ ካታሎግ አልነበረውም። ኢሳያ ሶኔ የሚባሉ ምሁር በ1930ዎቹ ከፊሉን አይተው ባይመዘግቡ ኖሮ ምን እንደጠፋ እንኳ መናገር ይቸግር ነበር። ላልተመዘገበው ግን የጎደለው እንዲህ የተባለ መጽሐፍ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ፈላጊውስ ምን ብሎ ይፈልግ?

ስለ ታምራት ብዙ ይቀረኛል፤ አዲስ አበባ የከፈቱት ትምህርት ቤት ብቻውን አንድ ክፍል ይወጣዋል። እሱን በሚቀጥለው። ቸር ሰንብቱ።